የጫልቱ ጉርሻ

ልጅ ሆኜ ከአምቦ ወጥቼ የማውቀው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ወንጪ ሐይቅ ዳር ያለችው የአባቴ መንደር። ከገደሉ የሚወርደው ወንዝ ሐይቁ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በመንደሯ ደጅ ያልፋል። ሰው ስለዚያ አገር ውበት ሲያወራ እሰማለሁ። ውብ ነው፣ አልክድም። የውኃው ዳር ጥቁር ጠጠር ከእግር በታች ሲንኮሻኮሽ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ፣ የእርጥብ እንሰትና የፈረስ ላብ ሽታ ተቀላቅሎ አፍንጫዬ ላይ አለ። ከዚያ ሽታ ጋር ግን ሌላም ነገር አብሮ ይመጣብኛል።

አሥር ዓመቴ ነበር። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። እናቴ ከሞተች በኋላ አባቴ ወደ መንደሩ ተመልሶ ጫልቱን አገባ፤ እኔ አምቦ ከእናቴ እህት፣ ከእቴቴ ጋር ቀረሁ። እኩዮቼ ማንበብ ጀምረዋል፤ እኔ የወደቀ ጋዜጣ እያነሳሁ ፊደሉን በጣቴ ከመከተል በቀር የማውቀው አልነበረም። በዚያ መስከረም እቴቴ በስንት ልመና ትምህርት ቤት ወሰደችኝ። መዝጋቢው ግን፣ «አባት በሕይወት ካለ እሱ ቀርቦ ይፈርም። ዓርብ እንዘጋለን» አለን። ዕለቱ ረቡዕ ነበር።

ሐሙስ በማለዳ በጭነት መኪና ተሳፍረን ሄድን፤ መኪናው ካወረደን በኋላ ቁልቁለቱን በእግራችን ወረድን። ወንዙን ስንሻገር ውኃው ቁርጭምጭሚቴን እንኳ አልሸፈነም። የመንደሩ ሰው በዚያ ወቅት ጠዋት ይሻገራል እንጂ ከሰዓት በኋላ ወንዙን አያምነውም፤ ገደሉ አናት ላይ ከዘነበ ወዲያው ይሞላል። አባቴም ይህን ያውቃል። ጉዳያችንን እንደሰማ ኮቱን አንስቶ፣ «ሳይደምን እንሂድ» አለ።

ጫልቱ በሩ ላይ ቆመች።

«ቤቴን ረግጣችሁ ሳትቀምሱ? ታኣ፣ ተቀመጡ!»

«ኧረ ተዪን እህቴ፣ ቸኩለናል» አለች እቴቴ።

«እጄን ተጸይፈሽ ነው?» ብላ ሳቀች ጫልቱ። በሩን ግን አልለቀቀችም።

እቴቴ ተቀመጠች። ያኔ አልገባኝም ነበር። በሟች እህቷ ቦታ የገባች ሴት ያቀረበችላትን ሳትቀምስ ብትወጣ፣ ቂም ይዛ ነው ተብሎ በሁለቱ ዘመዶች መካከል ዕድሜ ልክ ሊወራ ነው። አባቴም የሟች ሚስቱን ወገን ለማክበር የምትደክመዋን ሴት እንዴት አድርጎ «ተዪ» ይበላት? ሁሉንም ይሉኝታ ያዛቸው። ቡላው ተበጠበጠ፣ ቅቤው ተነጠረ፣ ቆጮው በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ እሳት ላይ ሆነ። እኔ በበሩ በኩል ሰማዩን አያለሁ። ደመናው ከገደሉ አፋፍ ቁልቁል ይወርዳል። የእቴቴን ነጠላ ጎተትኩ፤ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ደግሜ ጎተትኩ።

«ምን ሆና ነው ልጅቷ?» አለች ጫልቱ።

«ርቧት ነው» አለች እቴቴ።

ጫልቱ ደስ አላት። «የከተማ ልጅ መቼ ምግብ ያውቃል፣ ዳቦ ነው እንጂ! ኛዱ ልጄ፣ ብይ!» ብላ አፌ የማይችለውን ጉርሻ አጎረሰችኝ። ቅቤው በአገጬ እየወረደ፣ እያለቀስኩ ዋጥኩ። ደገመችኝ። ሦስተኛም አለች።

ወንዙ ዳር ስንደርስ ያ ጠዋት ያለፍንበት ውኃ አልነበረም። ቀልቶ፣ ድንጋይ ከድንጋይ እያጋጨ ይወርዳል። አባቴ ጥልቀቱን ሊለካ ዱላውን ቢሰድ ውኃው ከእጁ ነጥቆት ሄደ። «ይጎድላል» አለ። አልጎደለም። በሐይቁ በኩል እንዳንዞር ደግሞ ማዕበሉ ጀልባ አያስወጣም። ተመልሰን ጫልቱ ቤት አደርን። ዓርብ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ብሄድ ብሶበት ጠበቀኝ። ማዶ ሃያ እርምጃ አይሞላም። አንድ ፈረሰኛ በማዶ ሽቅብ ወደ መኪናው መንገድ ሲያዘግም አየሁና፣ አምቦ ከሄደ «እየመጣች ነው፣ መዝገቡን አትዝጉት» ብሎ እንዲነግርልኝ በሙሉ ጉሮሮዬ ጮህኩ። ከውኃው ጩኸት የተነሳ ያልኩትን የሰማ አይመስለኝም። ሰላምታ መስሎት ነው መሰለኝ፣ ባርኔጣውን አነሳልኝና መንገዱን ቀጠለ። እኔ ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ።

ቅዳሜ ውኃው ጎድሎ አባቴ በትከሻው አሻገረኝ። ሰኞ መዝጋቢው፣ «ለከርሞ» አለን። እቴቴ ለመነችው። አባቴ ኮፍያውን በእጁ እንደያዘ ቆመ። ከክፍሎቹ የልጆቹ «ሀ ሁ» ይሰማል፤ ከንፈሬ አብሯቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ለከርሞው አባቴ ታመመ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ከዚያ እቴቴ ወለደች፣ ሕፃን ያዥ ተፈለገ። አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ አምስት ዓመቴ፣ ራሴ ሄጄ፣ በአውራ ጣቴ ፈርሜ ነው። ጉልበቴ ዴስኩ ሥር አይገባም ነበርና ወደ ጎን ዞሬ ነበር የምቀመጠው።

በቅርቡ ወደ መንደሩ ወረድኩ። ወንዙ ላይ የሲሚንቶ ድልድይ ተሠርቷል። ጫልቱ አርጅታለች፤ ልጅ አልወለደችም። ጎረቤቶቿን ጠርታ አሳየችኝ። «ልጄ ናት! በልጅነቷ ሁለት ሌሊት እዚህ አድራለች። ወንዙ ነው ያቆየልኝ። ቤቴ እንደዚያን ጊዜ ሞልቶ አያውቅም» አለቻቸው። ወደ እኔ ዞራም፣ «ታስታውሻለሽ?» አለችኝ።

«አስታውሳለሁ» አልኳት። መዝገቡ በዚያ ዓርብ መዘጋቱን ግን አልነገርኳትም።

ማካፋት ሲጀምር ተማሪዎች ደብተራቸውን ጉያቸው ውስጥ ሸጉጠው ወደ ድልድዩ እየሮጡ መጡ። ጫልቱ በሯ ላይ ወጥታ፣ «ኑ፣ ቅመሱ!» አለቻቸው።

«ትምህርቱ ይረፍድብናል፣ አዴ!» ብለዋት ሳይቆሙ አለፉ። እሷ እጇን ዘርግታ እንደቆመች ቀረች።