እናቴ መሪውን የያዘች ቀን

ኢየሩሳሌም፣ ጊሎ ሰፈር ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ ያሰጣሁትን አንሶላ ነፋስ ወጥሮ ሲያንቋቋው፣ የዚያች ባለ ሸራ ጀልባ ድምፅ ወደ ጆሮዬ ይመለሳል።

ያኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ቤታችንም እዚያው ኢየሩሳሌም፣ ቃታሞኒም ሰፈር ነበር። አባቴ ባሕር ኃይል አገልግሎ ከወጣ በኋላ ወደብ እየወረደ ጀልባ ይጠግን ነበርና፣ አንድ ደንበኛው ጀልባውን አትላንቲክን አሻግሮ ካሪቢያን እንዲያደርስለት ሲለምነው፣ «ቤተሰቤን ይዤ ከሆነ እሺ» አለው። እናቴ ግን ጎንደር ተራራ ላይ ያደገች፣ ዋና የማትችል፣ ባሕር ዳርቻ ስንወርድ እንኳ ጫማዋን የማታወልቅ ሴት ነበረች። «ከምትሰጥሙብኝ አብሬያችሁ ልስጠም» ብላ ተሳፈረች።

የአይሁድ አዲስ ዓመት በዓላት አልፈው ኢየሩሳሌም ብርድ ሲጀምራት፣ እኛ ከካናሪ ደሴቶች ተነሥተን ወደ ምዕራብ እንጓዝ ጀመር። ሳህን የምናጥበው በባሕር ውሃ ነበር፤ ታናሽ ወንድሜ ዮናስ ጠዋት ጠዋት ወለሉ ላይ ወድቀው ያደሩትን በራሪ ዓሦች ይለቅም ነበር፤ እኔና አባቴ ደግሞ መሪውን በተራ እንይዝ ነበር። እናቴ ድስቱን በጉልበቶቿ መሀል አጣብቃ ሊጥ ስታቦካ እንኳ ጀርባዋን ለባሕሩ ሰጥታ ነበር።

ወደ ኢየሩሳሌም ዞረን በምንጸልይበት በስግድ በዓል ቀን ግን ጾማ፣ ነጠላዋን ለብሳ ወጣችና «ኢየሩሳሌም በየት በኩል ናት?» ብላ ጠየቀች። አባቴ ከኋላችን ያለውን ውሃ አሳያት። ያን ቀን በአንድ እጇ ገመድ ጨብጣ፣ ፊቷን ወደ ባሕሩ አዙራ ስትጸልይ ዋለች።

ከዚያ በኋላ ብዙም ሳንቆይ፣ አንድ ቀትር ላይ ሰማዩ ድንገት ጠቆረ። አባቴ ሸራውን ሊያወርድ ሲሮጥ እጁ በገመድ ተጠምዶ ጣቶቹ ተሰበሩ። መሪው እኔ እጅ ነበር፤ ማዕበሉ ሲመታን ግን ጉልበቴ አልበቃም፣ ጀልባዋ በጎኗ ተኛች።

«ወደ ነፋሱ አዙሪያት! እናትሽን ጥሪያት!» እያለ አባቴ ጮኸ።

እናቴ ሳልጠራት መጥታ ነበር። በትከሻዋ ገፋ አድርጋኝ መሪውን በሁለት እጇ ያዘችና፣ «ልጄ፣ ሂጂ አባትሽን አግዥው፤ እኔ አለሁ» አለችኝ። ፊቷ ላይ ውሃ እየተገለበጠባት፣ ጥርሷን ነክሳ፣ ጀልባዋን ቀጥ አድርጋ ያዘችልን። እኔና አባቴ በሦስት ጤነኛ እጅ ሸራውን አወረድነው።

ሰማዩ ሲገለጥ ዮናስ ከታች ብቅ ብሎ በዕብራይስጥ «ኢማ፣ ኮል ሀካቮድ!»፣ እማዬ ጎበዝ፣ እያለ አጨበጨበላት። አባቴ መሪውን ሊቀበላት ሲጠጋ፣ «አንተ እጅህን አስታምም» አለችው። የቀረውን መንገድ ዋናዋ ነጂ እሷ ሆነች፤ ካሪቢያን ስንደርስ ወደቡ ውስጥ ያስገባችንም እሷ ናት። እልልታዋን ሲሰሙ በየጀልባው ያሉ ሰዎች ሁሉ ቆመው አጨበጨቡልን። በጸደይ ኢየሩሳሌም እንደገባን የመኪና መንጃ ፈቃድ አወጣች።

ዛሬ እናቴ ያኔ በነበረችበት ዕድሜ ላይ ነኝ። ያኔ አራታችን ጀልባዋ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ክፍል ተጨናንቀን፣ አንዳችን የሌላውን ትንፋሽ እየሰማን እንተኛ ነበር፤ አሁን ቤቴ ሰፊ ነው፣ ልጆቼም እያንዳንዳቸው የሚዘጉት በር አላቸው። በቀደም ትልቋ ልጄ አያቷን «እቴዬ፣ ያን ቀን መሪውን ሲይዙ አልፈሩም?» ብላ ጠየቀቻት።

«ፈርቻለሁ እንጂ» አለች እናቴ እየሳቀች፣ «ግን ልጆቼ ጀልባዋ ላይ ነበሩ።»