ለሁለት ነገር አንድ ቃል

ልጅ ሳለሁ፣ ቤድፎርድ ውስጥ በምንኖርበት አፓርትመንት ጓሮ ለተከራዩ ሁሉ የተተከለ አንድ የዛገ የከሰል መጥበሻ ነበር፤ በሕይወቴ የሰማሁትን ተረት ሁሉ የሰማሁት እሱ ዙሪያ ተቀምጬ ነው። ተራኪው አባባ ይመር ነበሩ። ታክሲ የሚነዳው ልጃቸው ከወሎ፣ ከቃሉ ያመጣቸው ሽማግሌ ሲሆኑ፣ ወላጆቻችን ከሥራ እስኪመለሱ የግቢውን የሐበሻ ልጆች የሚጠብቁት እሳቸው ነበሩ። በቆሎ እየጠበሱ፣ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለው፣ ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሱ ሲያወሩልን ፀሐይዋ ከፓርኪንጉ ማዶ ትጠልቅ ነበር። ያኔ ተረት ጨዋታ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

አሥር ዓመቴ ነው። እናቴ ዲቪ ደርሷት እኔን ይዛ ከመጣች ሁለተኛ ዓመታችን ነበር፤ ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና እሷ ብቻ ነን። እሷ ዌርሃውስ በሚሉት አንድ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ላይ ወረቀት ትለጥፋለች፤ እኔ ደግሞ የቤቱ እንግሊዝኛ ነበርኩ። ደብዳቤ የማነበው እኔ፣ ፋርማሲ የማናግረው እኔ፣ ከትምህርት ቤት ስለ ራሴ የሚመጣውን ወቀሳ ሳይቀር ለእናቴ የምተረጉመው እኔው ነበርኩ። ሚያዝያ ሲገባና ሰማዩ መጥቆር ሲጀምር ደግሞ የአየር ሁኔታውም ሥራ እኔ ላይ ወደቀ።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ቴሌቪዥኑ ጥግ ላይ ካርታ ወጣና «ቶርኔዶ ዋች» የሚል ጽሑፍ ከታች ይሮጥ ጀመር። እናቴ በዕረፍት ሰዓቷ ደውላ «ምን ይላል?» አለችኝ። «ማስጠንቀቂያ ነው» አልኳት። ሌላ ቃል አልነበረኝም። በዚያው ቀን ዌርሃውሱ ውስጥም በድምፅ ማጉያ ተነገረ፤ አለቃቸው እየዞረ «ኦኬ ነው፣ ሥራ ቀጥሉ» አላቸው። እሱስ ልክ ነበር፤ ዋች ማለት አየሩ ለአውሎ ነፋስ ተመቻችቷልና ተዘጋጅታችሁ ጠብቁ ማለት ነው። ማታ ዝናብ እንኳ በወጉ አልዘነበም።

ሐሙስ ዕለት ደግሞ ካርታው ላይ የእኛ አካባቢ ቀላ። ጽሑፉ «ቶርኔዶ ዎርኒንግ» ይላል። ስልኩ ጮኸ።

«ሐያትዬ፣ እዚህ ቶርኔዶ ቶርኔዶ ይላሉ፤ ቲቪው ምን ይላል?»

«ማስጠንቀቂያ ነው ይላል።»

«እንደ ማክሰኞው?»

«አዎ፣ እንደ ማክሰኞው» አልኳት።

እግዜር ያሳያችሁ፤ ለሁለቱም ያለኝ ቃል አንድ ነበር። ዎርኒንግ ማለት ነፋሱ በዓይን ታይቷል ወይም ራዳር ላይ ወጥቷል፣ አሁኑኑ ግቡ ማለት እንደሆነ ማን ነግሮኝ ልወቀው? እናቴ «እንግዲያው ሥራዬን ልቀጥል» ብላ ዘጋችው። አሥር ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ የከተማው ሳይረን መጮህ ጀመረ። አባባ ይመር እኛን ልጆቹን እየጎተቱ መታጠቢያ ቤት አስገቡን፤ ፍራሽ ከላያችን ጭነው እሳቸው በሩ ላይ ተቀመጡ። የእጅ ባትሪው ብርሃን ጣሪያው ላይ ሲንቀጠቀጥ ትዝ ይለኛል። ነፋሱ እኛን ሳይነካን አለፈ።

ዌርሃውሱን ግን ነካው። የጣሪያው አንድ ጎን ተገንጥሎ መደርደሪያ ወደቀ፤ እናቴ ከካርቶን ሥር ስትወጣ የትከሻዋ አጥንት ተሰብሮ ነበር። የቀሩት ሠራተኞች፣ እንግሊዝኛ የገባቸው ሁሉ፣ በመጸዳጃ ቤቱ ኮሪደር ውስጥ ተደርድረው ደኅና ነበሩ።

በሁለተኛው ቀን ከዌርሃውሱ አንድ ወረቀት ላኩላት፤ እንድትፈርምበት። ማንን ልታስነብበው? እኔን ነዋ። «ማስጠንቀቂያው በግልጽ ተነግሮኝ፣ በራሴ ፈቃድ በሥራ ቦታዬ ላይ ቆይቻለሁ» ይላል። አንብቤላት ጨረስኩ። በራሴ አፍ «እንደ ማክሰኞው» ያልኩትን አውቃለሁና፣ ወረቀቱ ስለ እኔ የተጻፈ መሰለኝ። ወደ ጓሮው ሮጬ መጥበሻው ዘንድ አለቀስኩ።

አባባ ይመር ምን እንደሆንኩ አልጠየቁኝም፤ ነገሩን ከእናቴ ሰምተዋል። ከሰሉን አቀጣጥለው ሲግም አወሩልኝ። አንድ ጅብ የበዛበት አገር ነበር አሉ። ኮረብታው ላይ ጠባቂ ተቀጥሯል። ጭጋግ ሲወርድም ይጮሃል፣ ጅቡ አጥር ሲዘልም ይጮሃል፤ ጩኸቱ ግን አንድ ዓይነት ነው። ሰዉ መጀመሪያ ሰሞን ይወጣ ነበር፤ ኋላ ሰለቸው። አንድ ቀን ጅቡ የአንዲት መበለት ጥጃ በላ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ፈረዱባት፤ «ሲጮህ አልሰማሽም ወይ?» አሏት።

«ጥፋቱ የማን ነው?» አሉኝ አባባ ይመር።

«የጠባቂው» አልኩ እያለቀስኩ።

«እሱስ ያለው ጉሮሮ አንድ ነው። ሁለት ጩኸት ሳያስተምሩ ኮረብታ ላይ ያወጡትስ?» አሉና ተነሡ። እንዲያ ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም። «ወረቀቱን አምጪው። ሰኞ አብረን እንሄዳለን።»

ሰኞ ሄድን። እሳቸው ኮታቸውን ለብሰው፣ ኮፍያቸውን አድርገው፤ እናቴ ክንዷን በጨርቅ አንግታ፤ እኔ በመካከላቸው። አለቃው ፈገግታው ከፊቱ የማይጠፋ ሰው ነበር። ወንበር ሰጠን፤ ለእኔም ከረሜላ ሰጠኝ።

«ለሁሉም በድምፅ ማጉያ ተነግሯል» አለ። ተረጎምኩ።

«ማክሰኞም ቶርኔዶ ብላችሁ ሥራ ቀጥሉ አላችሁ፤ ሐሙስም ቶርኔዶ አላችሁ። እሷ ልዩነቱን በምን ትወቀው?» አሉ አባባ ይመር።

ሰውየው ሳቅ አለ። «ዋችና ዎርኒንግማ የተለያዩ ናቸው። እዚህ አገር ይኼን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል።»

ይህን ልተረጉም አፌን ከፍቼ አቃተኝ። «ምን አለ?» አለችኝ እናቴ። ወደ ሰውየው ዞሬ በእንግሊዝኛ «እኔ ሕፃን ነኝ። አላውቀውም ነበር» አልኩት።

ፈገግታው ጠፋ። አባባ ይመር እንግሊዝኛ ባያውቁም ያልኩት የገባቸው ይመስለኛል። «አንተስ ያን ሰዓት የት ነበርክ? በይው» አሉኝ። አልኩት። «ኮሪደሩ ውስጥ» አለ።

«ወደዚያ ስትሄድ በእሷ ጠረጴዛ በኩል አይደል የምታልፈው? አላየሃትም?»

እሱ ከመመለሱ በፊት እናቴ ተናገረች፤ ለእሱ ሳይሆን ለእኛ። «አይቶኛል። እየሮጠ ሲያልፍ እጁን አወዛወዘልኝ። ሰላም ያለኝ መስሎኝ እኔም ሰላም አልኩት።»

ያቺን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ተረጎምኩለት። ሰውየው ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ይቅርታ አልጠየቀም። ዳግመኛ ፈርሚ ያላትም የለም፤ ነገሩ በዚሁ ተዘጋ። ከሳምንታት በኋላ ዌርሃውሱ ግድግዳ ላይ ዋችና ዎርኒንግን የሚያስረዳ ፖስተር ተለጠፈ አሉን፤ በሦስት ቋንቋ። አማርኛ ከሦስቱ አንዱ አልነበረም። እናቴ ግን ሥራዋን ትታ ነበር፤ ግራ ክንዷን ዛሬም ከትከሻዋ በላይ አታነሣም።

እኔና አባባ ይመር በዚያው ሳምንት በወረቀት ላይ ሁለት መስመር ጻፍን፤ ቃሉን የመረጡት እሳቸው ናቸው። «ዋች፦ ሊመጣ ይችላል፣ ጆሮህን ጣል። ዎርኒንግ፦ መጥቷል፣ ግባ።» ቀድተን በየቤቱ አደልን፤ ሴቶቹ ፍሪጃቸው ላይ ለጠፉት። ሁለት መስመር ብቻ! ይህን ለመጻፍ የአንድ ሽማግሌና የአንዲት ልጅ ግማሽ ሰዓት በቂ ሆኖ ሳለ፣ ያ ሁሉ መሥሪያ ቤት፣ ያ ሁሉ ራዳር፣ ያ ሁሉ ድምፅ ማጉያ እንዴት እንዳልቻለው ዛሬም አይገባኝም።

አባባ ይመር ካለፉ ቆይተዋል፤ አፈሩን ያቅልልላቸው። ቁጣቸው ግን እኔ ዘንድ ቀርቷል፤ እንዲበርድም አልፈልግም። ይህን ታሪክ ሳወራ ሰዎች ይገረሙና «በአሥር ዓመትሽ ለእናትሽ ታስተረጉሚ ነበር? ጎበዝ ልጅ ነበርሽ!» ይሉኛል፤ ያን ጊዜ ደሜ ይፈላል። ጎበዝ አልነበርኩም። ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው።