ለቀኝ እጅ የቀረችው ነጥብ

ትናንት ከቁም ሳጥኑ ሥር አሮጌውን ኪቦርድ አውጥቼ አቧራውን ስጠርግ አንዷን ቁልፍ ሳላስበው ተጫንኳት። ቀጭ አለች። በዚያች ድምፅ ድሮ ዓረብ አገር ሳለን ቢን ኦምራን ሰፈር የነበረችው ክፍላችን፣ የበረኪናው ሽታ፣ የኤሲው ጉርምርምታ ሁሉ አንድ ላይ መጡብኝ። እንደያዝኩት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

ሦስት ሆነን ነበር የምንኖረው፤ እኔ ገና የኮምፒውተር ጥገና የጀመርኩ ጎረምሳ፣ አንድ ሾፌር፣ እና ጋሼ የምንለው የክፍላችን ታላቅ። ጋሼ የጭነት ድርጅት ጸሐፊ ነበር። ስትሮክ መትቶት ቀኝ እጁ አልታዘዝ ካለው በኋላ የዚህን ኪቦርድ ፊደሎች ወደ ግራ ሰብስቦ በአንድ እጁ ይጽፍ ነበር። ኪቦርዱ በግራ በኩል ትርፍ ቁልፎችና አንዲት ማዘዣ ቁልፍ ነበሩት። ማዘዣዋን፣ ቀጥሎ ፊደሉን፣ ቀጥሎ የፈለግከውን ቦታ ስትነካ ፊደሉ እዚያ ይሰፍራል። ያዘዝከውን የሚያስታውሰው ደግሞ ኮምፒውተሩ ሳይሆን ኪቦርዱ ራሱ ነው።

ድርጅቱ ኮምፒውተሮቹን በአዲስ ሲለውጥ ግን የኪቦርዱ የድሮ ክብ መሰኪያ መግቢያ አጣ። አዲሶቹ ላይ ሌላ ፕሮግራም መጫንም ክልክል ሆነ። አለቃው፣ ሙዲሩ፣ «ቅዳሜ መጥቼ አይሃለሁ፤ መጻፍ ካልቻልክ ኸላስ፣ አበቃ» አለው። ሥራው ከሄደ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኢቃማውም፣ መሄዱ ነበር። ናጅማ ሰፈር ካለች ትንሽ ሱቅ የድሮውን መሰኪያ ከአዲሱ መግቢያ የሚያጋጥም ማገናኛ ገዝቼ መጣሁና በእኔ ላፕቶፕ ሞከርነው። ሠራ። ጋሼ ግንባሬን ሳመኝ።

አርብ፣ በዕረፍት ቀናችን፣ አቡ ሃሙር ካለው ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ስንመለስ ክፍል ማጽዳት ልማዳችን ነው። ተራው የሾፌሩ ነበር። እሱም «ጋሼ ነገ ንጹሕ ዕቃ ይዞ ይግባ» ብሎ፣ ላፕቶፔ ላይ እንደተሰካ የነበረውን ኪቦርድ በእርጥብ ጨርቅ ጫን ጫን እያደረገ ወለወለው። ማዘዣዋንም ፊደሎቹንም አብሮ ተጫናቸው። ጋሼ ሊለማመድ ሲቀመጥ ፊደሎቹ ተበታትነው፣ የሚጻፈው ሁሉ ዝብርቅርቅ ሆነ።

«እጄን በቆረጠው!» አለ ሾፌሩ።

«ተው እንጂ፣ ለዚህ ክፍል አንድ የጎደለ እጅ ይበቃዋል» አለ ጋሼ። ሊስቅ ሞከረ፤ ፊቱ ግን አመድ መስሎ ነበር።

የትኛው ፊደል የት እንደነበር ብጠይቀው አያውቀውም። አስቀምጦት ረስቶታል፤ የሚያውቁት ጣቶቹ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ዓይኑን ጨፍኖ ቢሮ እንዳለ ሆኖ እንዲጽፍ ነገርኩት። እኔ በየቀኑ የሚጽፈውን ቃል እጠራለሁ፣ ግራ እጁ ቁልፎቹን ሳትጫን ትዳስሳለች፣ ጣቱ ያረፈበትን አይቼ ፊደሉን እዚያ አሰፍራለሁ። ሾፌሩ ጨርቁን እንደያዘ ጥግ ላይ ቆሞ ነበር። ያን ያህል የተጨነቅኩበት ሥራ ከዚያ ወዲህ ገጥሞኝ አያውቅም። ፀሐይ ስትጠልቅ የመግሪብ አዛን ሲሰማ የዓረፍተ ነገር መዝጊያዋ ነጥብ ብቻ ቀረች። ጨርቁ አልነካትም፤ በስተቀኝ የጥንት ቦታዋ ላይ ነበረች።

«እሷንም ወደ ግራ ላምጣት?» አልኩት።

እጄን ያዘኝ። «እሷን ተዋት። ቀኝ እጄ ስትድን ምን ልትሠራ ነው?»

«ትድናለች ጋሼ» አለ ሾፌሩ ቶሎ ብሎ።

«ኢንሻአላህ» አለ ጋሼ።

ቅዳሜ ሙዲሩ ከኋላው ቆሞ አየው፤ ጋሼም ሥራው ላይ ቀረ። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አጠገቡ ተቀምጬ ሲጽፍ አይቻለሁ። ዓረፍተ ነገሩ ባለቀ ቁጥር ግራ እጁ ያን ሁሉ ቁልፍ ተሻግራ ነጥቧን ነክታ ትመለሳለች። ወደ ግራ እናምጣት ብዬ ደግሜ አልጠየቅኩትም።

ጠቅልሎ አገሩ ሲገባ ኪቦርዱን «ሻንጣ አይችለውም» ብሎ ለእኔ ተወልኝ። ባለፈው ሳምንት ሾፌሩ ደውሎ ጋሼ ማረፉን ነገረኝ። ሁለታችንም ስልኩ ላይ አለቀስን።

ትናንት ባለቤቴ አየችኝና «ወደ ጥንቱ መልሰውና ልጃችን ይጻፍበት» አለችኝ። ቀላል ነው፣ አውቃለሁ። አላደረግኩትም። የግራ ቁልፎቹ ፊደላቸው ተፍቆ ጠፍቷል፤ በስተቀኝ ያለችው ነጥብም በአንድ በኩል ብቻ፣ የጋሼ ግራ እጅ ትመጣ በነበረበት በኩል፣ ተልጣለች።

ማገናኛውን ፈልጌ ላፕቶፔ ላይ ሰካሁት። ቀኝ እጄን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ እየተሳሳትኩ፣ እያጠፋሁ፣ የጋሼን ሙሉ ስም በግራ እጄ ጻፍኩ። ነጥቧን ግን በቀኝ እጄ ነካኋት።