ለኦቦ ቶሎሳ ኑዛዜ እስከ እጃጂ

ሐሙስ ንጋት ላይ ከአዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ ተነሣሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ ኑዛዜ የጻፍኩ ጠበቃ ነኝ፤ ደንበኞቼ ቢሮዬ ይመጣሉ እንጂ እኔ አልሄድም። የእጃጂው ኦቦ ቶሎሳ ግን በደብዳቤ ጠሩኝ። ጡረታ እስኪወጡ የጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበሩ፤ ሰኞ አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና አላቸው። ከዚያ በፊት ቤታቸውን ለጫልቱ ያወረሱበትን ኑዛዜ እንድመለከትላቸው ፈለጉ። ጫልቱን በጉዲፈቻ ከሕፃንነቷ አሳድገዋታል፤ ጉዲፈቻው ግን በባህሉ እንጂ በፍርድ ቤት አልጸደቀም።

አምቦ፣ ረፋድ

እስከ አምቦ አስፋልት ነው። ፍርፍር በልቼ የአምቦ ውሃ በሃምሳ ሳንቲም ጠጣሁበት። ሾፌሩ አንገቴን አይቶ፣ "ከዚህ በኋላ አቧራ ነው ጌታው፤ ከረባቱ ይውለቅ" አለኝ። እውነቱን ነው። ጌዶ ስንደርስ ነጭ ሸሚዜ ሰርገኛ ጤፍ መስሎ ነበር፤ መንገዱንም የገበያ ከብት ሞልቶታል።

እጃጂ፣ ከሰዓት በኋላ

ኦቦ ቶሎሳ ደጃፍ ቆመው ጠበቁኝ። "አካም ጂርታ! ግባ፣ ግባ።"

ኑዛዜውን ሳይ አራት የምስክር አሻራ አለ።

"ምስክሮቹ አንድ ላይ ሆነው ተነቦላቸዋል?"

"ኧረ የለም! ጸሐፊው በየቤታቸው ዞሮ አስፈረማቸው። ሥራ የሚፈቱ ሰዎች አይደሉም።"

"እንግዲያው አይጸናም። እርስዎና አራቱ በተሰበሰባችሁበት ካልተነበበ ቤቱን የወንድምዎ ልጆች ይወርሱታል።"

ኮፍያቸውን አደረጉ። "ዛሬ ገበያ ነው፤ አራቱም እዚሁ አሉ። ሁሉንም በመርፌ የወጋኋቸው ናቸው፣ እምቢ አይሉኝም።"

አላሉምም። አንዱ በሬውን ለጎረቤት አስይዞ፣ ሌላው የሽንኩርት ዘንቢሉን እንዳንጠለጠለ መጣ። እኔም አዲሱን ጽፌ በችሎት ድምፄ ማንበብ ጀመርኩ። "ለጉዲፈቻ ልጄ ለጫልቱ" ስል ባለሽንኩርቱ ሽማግሌ እጃቸውን አነሡ።

"ቁም፣ ጠበቃው! እኛ ዘንድ ጉዲፈቻ የወሰደ ሰው ልጄ ነው የሚለው። እሷ እየሰማች እንዲህ ይባላል? ነውር አይደለም?"

ዞር ስል ጫልቱ የተማሪዎቿን ደብተር ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። መምህርት ናት። እጅግ አፈርኩ። ለሕጉ ሙሉ ስሟ ይበቃ ነበር፤ ያንን ቃል የጨመርኩት ከልማድ ነው። ስርዝ ድልዝ ክርክር ይጠራልና ሁሉንም እንደ አዲስ ገልብጬ አነበብኩ። አምስቱም እዚያው ፈረሙ።

"አሁን ሐኪሙ እንደ ፈለገ ይቅደደኝ" አሉ ኦቦ ቶሎሳ፣ እየሳቁ።

ጫልቱ ግን አልሳቀችም። "ጋሼ፣ ያቺን መስመር እስቲ አንዴ ይድገሙልኝ" አለችኝ።

ደገምኩላት፦ "ቤቴን ለልጄ ለጫልቱ ቶሎሳ።"

አዲስ አበባ፣ ዓርብ

ደክሞኝ፣ ግን ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ ደንበኞቼን መጀመሪያ የምጠይቀው "ለማን ነው የሚያወርሱት?" ብዬ ነበር። ከእንግዲህ "ወራሹን ቤት ውስጥ ምን ብለው ይጠሩታል?" እላለሁ።