ጭራቁ ይውደም!

ዛሬ ጠዋት የደርግ ጊዜ የቀበሌያችን ሊቀመንበር የነበሩት ሰውዬ የልጅ ልጃቸውን ይዘው ሱቄ ገቡና፣ ለልጅቷ የጭራቅ አሻንጉሊት ጠየቁኝ። ደሜ ፈላ።

ያኔ ከሱዳኗ ገዳሪፍ ያመጣሁትን ቴሌቪዥን በመኪና ባትሪ እከፍት ነበር። የመተማ ልጆች ቤቴ ተሰብስበው፣ አንድ ጸጉራም የአሻንጉሊት ጭራቅ በዐረብኛ መቁጠር ሲያስተምር ያያሉ። ልጄ ዘይነባ ከሰሊጥ ጆንያ እሱን የሚመስል አሻንጉሊት ሰፍታ ታናናሾቿን ታስቆጥርበት ጀመር።

ሊቀመንበሩ ሰሙ። "የኢምፔሪያሊዝም ወኪል ነው" ብለው የልጄን አሻንጉሊት ስብሰባ ላይ አቃጠሉት። (ወኪሉ ከአስር በላይ መቁጠር አይችልም ነበር።)

ልጆቹን ግራ እጃቸውን አስነስተው "ጭራቁ ይውደም!" አስባሏቸው። ዘይነባም እያለቀሰች "ይውደም!" አለች።

ዛሬ ይህን ሳነሳባቸው ሳቁ። "ሀጂ፣ ዘመኑ ነዋ!"

"ክብሪቱን የጫሩት እርስዎ ነዎት እንጂ ዘመኑ አይደለም" አልኳቸው።

አሻንጉሊቱን ለልጅቷ ሰጠኋት፤ እሷ ምን አጠፋች? ግን አያቷ ፊት እስከ አስር አስቆጠርኳት።

እናንተንስ በዚያ ዘመን የምትወዱትን ምን ነገር "ይውደም" አሰኟችሁ?