የሾተላይ ቤት

ተሾመች ሁለት ልጅ ቀብራለች። አንደኛው ሞቶ ተወለደ፤ ሁለተኛዋ ክርስትና ሳትነሣ አሸለበች። አማቷ «ሾተላይ አለባት» አሉ። አንዴ ይህ ከተባለ ደግሞ በመንዝ ምድር የሴት ልጅ ስም አለቀለት። ጠበል ገባች፣ ክታብ አሠረች፤ አልሆነም። አራሶች እሷን ሲያዩ ልጃቸውን በነጠላ ይሸፍኑ ነበር። ከሐዘኑ ይልቅ ይህ ያንገበግባታል።

ሦስተኛውን ስትፀንስ ለማንም ሳትናገር መሐል ሜዳ ሆስፒታል ሄደች። ለምርመራ ደሟን ሰጥታ አግዳሚው ላይ ስትጠብቅ፣ ነርሷ ሲስተር ትርሲት ለብቻዋ ጠርታ በሩን ዘጋች።

«ቂጥኝ ነው፣ ተሾመች። ልጆችሽንም የጨረሰው ይኸው ሳይሆን አይቀርም።»

ተሾመች ከባሏ ከኃይለመስቀል በቀር ወንድ አታውቅም። ማፈር የነበረበት ሌላ ሰው ሆኖ ሳለ እሷ አፈረች።

«ይድናል?»

«በመርፌ ይድናል፤ ሆድሽ ውስጥ ያለውም ይተርፋል። ግን ባልሽም መጥቶ ይወጋ። እሱ ሳይታከም አብረሽው ከተኛሽ መልሶ ይይዝሻል።»

ኃይለመስቀል በግ ነጋዴ ነው። ከገበያ ገበያ ይዞራል፣ ደብረ ብርሃን ያድራል፤ ማን ቤት እንደሚያድር ተጠይቆ አያውቅም። ስትነግረው መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ተቆጣ።

«እኔን ምኔን አመመኝ? የራስሽን ሾተላይ በእኔ ልታላክኪ ነው?»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ተረቱ የራሱን ለደበቀ ነው፤ ባሏ የደበቀውን ለተሸከመች ሴት የሚተረት የለም።

መርፌዋን ተወጋች። እግዜር ይስጠውና ሁዳዴ ገባ። በጾም ባልና ሚስት መኝታ ይለያሉ፤ ኃይለመስቀልም ደብረ ብርሃን የሚያደርገውን ያድርግ እንጂ በገዛ ቤቱ ጾም አይሽርም። እሱ አልጋው ላይ፣ እሷ መደቡ ላይ ሆኑ። ሰው ሁሉ ፋሲካን ሲናፍቅ እሷ ብቻ ጾሙ ባያልቅ ትመኝ ነበር።

ሊያልቅ ሲል የንስሐ አባቷ ዘንድ፣ መምሬ መልከ ጼዴቅ ጋ ሄደች።

«አባቴ፣ ቀኖና ይስጡኝ። ከባሌ ምንጣፍ የሚለየኝ ይሁን።»

«ምን በድለሽ ነው፣ ልጄ?»

የባሏን ገመና ቤተ ክርስቲያን ግቢ ማውጣት አልሆነላትም። «ብዙ በድያለሁ» አለች።

«እንግዲያው ከጰራቅሊጦስ በኋላ ነይ። በሃምሳው ቀን ጾምም ስግደትም የለም። የደስታ ጊዜ ነው።»

በፋሲካ ማግስት ኃይለመስቀል ሙክት አርዶ ጎረቤት ጠራ። ጠላው ሞቅ ሲያደርገው «ከዛሬ ወዲያ መደቡን ተዪ» አላት። «መጀመሪያ ተወጋ» አለችው። እንግዶቹ ፊት በጥፊ መታት። የሱፍ ባናዋን ጠቅልላ ሞላሌ እናቷ ቤት ገባች። በሃምሳው ትዳሯን ጥላ የሄደች ብሎ አገሩ ሁሉ አማት።

ወንድ ልጅ ወለደች። ዳኸ፣ ቆመ፣ አፉን ፈቶ ተሳደበ። የሞላሌ ሰው «ሾተላዩ እዚያው ባሏ ቤት ቀረ» አለ። ሳያውቁት እውነቱን ተናገሩ።

ባለፈው ሰኔ ልጁን ሳል ይዞት መሐል ሜዳ ሆስፒታል ወሰደችው። በዚያው አግዳሚ ላይ አንዲት ልጅ እግር ተቀምጣለች፤ ሆዷ ገፍቷል፣ አንገቷ ላይ ክታብ አለ። ተሾመችን ስታይ ነጠላዋን ሆዷ ላይ ሳበች። ኮከብ ናት፤ ኃይለመስቀል ከተሾመች በኋላ ያገባት። የመጀመሪያ ልጇን እንደቀበረች ተሾመች ሰምታለች። ሰምታም «የእጁን ያግኝ» ብላ ዝም ብላለች። ቅጣቱን ያገኘችው ግን ይህች ልጅ ናት።

አጠገቧ ስትቀመጥ ኮከብ ፈቀቅ አለች።

«አትሽሺኝ፣ እህቴ። ሾተላዩ የእኔ አልነበረም፤ ያንቺም አይደለም። አሁን ደምሽን አይተው ባልሽን ይዘሽ ነይ ይሉሻል።»

«እሺ፣ እነግረዋለሁ።»

«አይመጣም። ይልቅ መርፌሽን ተወግተሽ እናትሽ ቤት ግቢ።»

ኮከብ ነጠላዋን ከሆዷ ላይ ሳታነሣ መሬት መሬት አየች።

«እናት የለኝም» አለች።

በሩ ተከፍቶ ሲስተር ትርሲት ስሟን ጠራች። ኮከብ ተነሥታ ገባች፤ በሩም ተዘጋ። ተሾመች ልጇን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ አለቀሰች።