ስልክ የያዘው ቴስታታ

መፍጫውን ቴስታታው ላይ ላሳርፍ ስል አጠፋሁት።

ሹፌሩ አብዲ፣ መኪናው ጭነት ይዞ የደንገጎን ዳገት ሲወጣ እየደከመ ስላስቸገረው፣ የሞተሩን ቴስታታ (የላይኛውን ክዳን) ወደ ጋራዤ አምጥቶ «የአየር መግቢያውን አስፊልኝ» አለኝ። ከመግቢያው ግድግዳ ጀርባ የማቀዝቀዣ ውሃ ስለሚያልፍ መጀመሪያ ውፍረቱን በድምፅ ሞገድ መለኪያ ለካሁት። አምስት ሚሊ ተኩል! ሁለት ሚሊ ብፍቅለት ምንም አይለውም ብዬ ወሰንኩ።

(ሞገዱ እንዲያልፍ የሚቀባው ጄል አልቆብኝ ከታይዋን ገበያ የገዛሁትን የፀጉር ጄል ነው የቀባሁት። ከኔ ይልቅ ቴስታታው ላይ አምሯል።)

መፍጫውን አስነስቼ አብዲን «ቴስታታው ላይ ያስቀመጥከውን ስልክህን አንሳ» አልኩት። ቢጎትተው እምቢ አለ። «አቦ፣ ስልኬንም ያዘው እኮ!» ብሎ ሳቀ። የስልኩ ሽፋን ማግኔት አለው።

እኔ አልሳቅኩም። ማግኔት አሉሚኒየም አይዝም፤ ይሄ ብረት ነው። መለኪያዬን ግን ትናንት ለአሉሚኒየም እንዳስተካከልኩት ረስቼዋለሁ። ሞገዱ ደግሞ በብረት ውስጥ ከአሉሚኒየም ይልቅ ቀስ ስለሚል፣ መለኪያው ውፍረቱን አብዝቶ ነበር ያሳየኝ።

አስተካክዬ ደግሜ ለካሁ። አራት ሚሊ! ፍቄው ቢሆን ኖሮ ደንገጎ ዳገት ላይ ተሰንጥቆ ውሃው ሞተሩ ውስጥ ይገባ ነበር።

አብዲ ምንም አላወቀም። «ጨረስሽ?» አለኝ።

«ገና ልጀምር ነው፤ ስልክህን እዚያው ተወው።»

እናንተስ፣ ልትሳሳቱ ስትሉ እጃችሁን የያዘው ምን ነበር?